የአልጄሪያን ውሃ የሳልኩባቸው ዓመታት

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስወጣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ትንሽ ግብዣ አድርገውልኝ ነበር። ኬኩ ተቆርሶ ካለቀ በኋላ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዳ ያደገችው ባልደረባዬ ሣራ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ "እትዬ ዘይነብ፣ አሜሪካ ስትመጪ ፈርስት የሠራሽው ካርታ የየት አገር ነው?" አለችኝ። የአልጄሪያ ነው አልኳት። ሄደሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሄጄ አላውቅም። ግን ዝናቡ የት ላይ እንደሚያበቃ፣ በረዶ የትኞቹ ተራሮች ላይ እንደሚጥል፣ ከአልጀርስ ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው በስንተኛው ቀን የመጨረሻውን የስንዴ ማሳ ትቶ እንደሚያልፍ ልነግራት እችላለሁ። ሣራ የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። የኬክ ሳህን ይዞ የሚነገር ነገር አልነበረም። ይኸው አሁን ጊዜ አለኝና ልጻፈው።

ደሴ ተወልጄ አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የካርታ ነዳፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከዚያ ሱዳን ገባሁ። ካርቱም ሦስት ዓመት ቆየሁ። ልጅ ሆኜ ደሴ ሸኾች ዘንድ የቀራሁት አረብኛ እዚያ አፌ ላይ ተፈታ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሎስ አንጀለስ ስደርስ ያገኘሁት ሥራ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ማጠብና ማጠፍ ነበር። ሐያት የምትባል የከሚሴ ልጅ አብራኝ ትሠራ ነበር፤ ቤትም አብረን ነበር የተከራየነው፣ ከፌርፋክስ ጎዳና አንድ ብሎክ ገባ ብሎ። ያኔ ሰፈሩ ገና በእኛ አገር ስም መጠራት አልጀመረም ነበር። ሐበሻ መንገድ ላይ ስናገኝ ቆም ብለን ሰላም እንባባል የነበረበት ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ሐያት ከሆቴሉ ሎቢ የተጣለ ጋዜጣ ይዛ መጣችና የሥራ ማስታወቂያውን አነበበችልኝ። ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ያለ ካርታ የሚያዘጋጅ ትንሽ ድርጅት ነዳፊ ይፈልጋል። በነጋታው ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ባለቤቱ ሚስተር ጎርደን ቀጭን፣ ችኩል ሰው ነበር። ስለ ትምህርቴ ብዙም አልጠየቀኝም። ከሥር መብራት የሚበራበት የመስታወት ጠረጴዛ ፊት አስቀመጠኝና ቀለም የተቀባ ፊልምና ባለ ሦስት እግር መያዣ ላይ የተተከለ መርፌ ሰጠኝ። ሥራው በመርፌው ቀለሙን እየፋቁ መስመር ማውጣት ነው። የተፋቀው ቦታ ብርሃን ያስተላልፋል፤ ከዚያ ወደ ማተሚያ ይሄዳል። መርፌው ከጠለቀ ፊልሙ ይቆረጣል፤ ከሳሳ መስመሩ ይደበዝዛል። አንድ ስንዝር የምትሆን የባሕር ዳርቻ ፋቅኩለት። የአልጄሪያ ዳርቻ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ማዶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሽማግሌ ተነስቶ መጣና በማጉያ መስታወት መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ከዚያ ቀና አለ። ሚስተር ጎርደንን፣ "እንዳትለቃት" አለው። ሚስተር ዋልተርን ያወቅኩት እንዲህ ነው።

ሚስተር ዋልተር አርባ ዓመት ካርታ ሠርቷል። ጠዋት እንደገባ እጁን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ደህና አድርጎ ያደርቅና ጥቂት ፓውደር ያርከፈክፍበታል፤ ላብ ፊልም ያበላሻል ይል ነበር። ረጅም መስመር ከመጀመሩ በፊት አየር ስቦ ይይዛል፤ መስመሩ ሳያልቅ አይተነፍስም። በሥራ ሰዓት አያወራም። ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ግን የካርዶቹ ልማድ ነው። ካርታ ላይ ወንዝ ወይም ጉድጓድ ከማስገባቱ በፊት ለእያንዳንዱ በትንሽ ወረቀት ላይ ሦስት ጥያቄ ይጽፋል። ውሃው መቼ አለ? ምን ዓይነት ነው? ማን አየው? ሦስቱም ካልተመለሱ መርፌውን አያነሳም።

መጀመሪያ ይህ የሽማግሌ ግትርነት መስሎኝ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የዝናቡ ካርታ ነው። አንድ የማዕድን ጥናት ድርጅት የአልጄሪያን ካርታዎች አዝዞ ነበር፤ አንዱ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ፣ አንዱ ዝናቡን፣ አንዱ የደቡቡን በረሃ መንገድና ውሃ የሚያሳይ። የዝናቡን ሰንጠረዥ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ዝናብ የሚበዛባቸው ወራት በሚለው ዓምድ ላይ፣ ምንጩን ሳላየው፣ ሐምሌና ነሐሴን አጥቁሬ ሰጠሁት። ወሎ ለተወለደ ሰው ዝናብ ማለት ሐምሌ ነው፤ ሌላ ነገር አእምሮዬ ውስጥ አልነበረም። ሚስተር ዋልተር አየውና ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ። ሐምሌ ነበር፤ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለም፣ ከጎዳናው ወዲያ ያለው ሣር ነዶ ቢጫ ሆኗል።

"እዚህ የሚዘንበው መቼ ነው?" አለኝ።

ብርዱ ሲመጣ ነው አልኩት።

"አልጀርስም እንደዚሁ ነው። ካርታ ስትሠሪ የተወለድሽበትን አገር ሰማይ ይዘሽ አትሂጂ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያን አገር በትክክል ማየት ጀመርኩ። ሰሜኑ እንደኛዋ ካሊፎርኒያ ነው፤ በጋው ደረቅ፣ ዝናቡ ከብርድ ጋር የሚመጣ፣ ተራሮቹ በረዶ የሚለብሱ። የዝናብ መጠናቸው እኩል የሆኑ ቦታዎችን የሚያገናኙት መስመሮች ባሕሩ ዳር እንደ ነጠላ ጥለት ተጠጋግተው ይሰለፋሉ። የመጀመሪያውን የተራራ ሰንሰለት ሲያልፉ ይራራቃሉ። እዚያ ሰፊ ሜዳ አለ፤ በዝናብ ጊዜ ውሃ የሚያቁሩ፣ ሲደርቁ ነጭ ጨው ብቻ የሚሆኑ ሐይቆች ያሉበት። ሁለተኛው የተራራ ሰንሰለት ካለፈ በኋላ መስመር አይኖርም። ከአገሩ አምስት እጅ አራቱ እዚያ ነው፤ የአሸዋ ባሕር፣ ጠጠር ሜዳ፣ በመጨረሻም በደቡብ ጫፍ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ጥቁር የድንጋይ ተራራ። በጸደይና በበጋ ከደቡብ የሚነሳው ሙቅ ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ እስከ ባሕሩ ይደርሳል። ያን የነፋስ ቀስት በቀይ ስስል፣ እኛም አገር ከበረሃው ወደ ባሕር የሚነፍሰው ነፋስ መስኮታችንን ሲያንኳኳ ትዝ ይለኛል። "እኛም አገር" ስል ሎስ አንጀለስን ነው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራን። የደሞዜ ነገር ብዙ የሚወራለት አልነበረም፤ የመኖሪያ ወረቀቴም ገና በእንጥልጥል ነበር። ያም ሆኖ ጠዋት ስነሳ ወዴት እንደምሄድ የማውቅ ሰው ሆኜ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የደቡቡ መንገድና ውሃ ካርታ የመጨረሻው ሥራ ነበር። ጉድጓዶቹ በሦስት ምልክት ይለያሉ። የሚጠጣ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ያለበት ሙሉ ሰማያዊ ክብ ነው። አልፎ አልፎ ውሃ የሚገኝበት ባዶ ክብ ነው። ውሃው ጨዋማ የሆነ ደግሞ በመሐሉ መስመር የተሰነጠቀ ክብ። ሊጠናቀቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሚስተር ዋልተር ለዓይኑ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባ። ሚስተር ጎርደን በየሰዓቱ እየመጣ ከኋላዬ ይቆም ጀመር። ካርድ መጻፉን ተውኩት። ምንጩ አሮጌ የፈረንሳይኛ ካርታ ነበር፤ ምልክቶቹ ደብዝዘዋል። በመሐል በረሃ ያለች አንዲት ጉድጓድ ክቧ ላይ ስንጥቅ ይኑር አይኑር አልታይ አለኝ። ሙሉ አደረግኳት። ስሟን፣ የቦታ ስሞች ከታተሙበት ስስ ወረቀት ላይ በምላጭ ቆርጬ አጠገቧ ለጠፍኩ። ሐሲ ሜላሕ ይላል። ስሙን እዚህ ትንሽ ለውጬዋለሁ፤ ትርጉሙን ግን አልለወጥኩም። ሐሲ ጉድጓድ ነው። ሜላሕ ጨው ነው።

ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የማውቀውን ቃል፣ ካርቱም ሦስት ዓመት ገበያ ስገዛበት የኖርኩትን ቃል፣ በገዛ እጄ ቆርጬ ለጠፍኩት፤ አላነበብኩትም። በፈረንሳይ ፊደል ስለተጻፈ ለእኔ የሚለጠፍ ነገር ብቻ ነበር። ካርታው ታተመ፤ ተላከ።

ደብዳቤው የመጣው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ሚስተር ጎርደን ወደ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። ያዘዘን ድርጅት አንድ የጥናት መኪና በረሃው መሐል ተበላሽቶበታል። መሐንዲሱና ሾፌሩ ካርታውን አይተው፣ የሚጠጣ ውሃ ቅርብ አለ ብለው ከመኪናው ተነስተው በእግራቸው ሐሲ ሜላሕ ሄደዋል። ውሃው የሚጠጣ አልነበረም። መሐንዲሱ የቀረውን የኮዳ ውሃ እየቆጠበ ተረፈ። ሾፌሩ የራሱን ድርሻ ለሱ ትቶ ከጉድጓዱ ጠጣ። በሦስተኛው ቀን የጭነት መኪና ሲያገኛቸው ራሱን አያውቅም ነበር። ሆስፒታል ብዙ ሳምንት ተኝቶ ወጣ፤ ኩላሊቱ ተጎድቷል፤ ከእንግዲህ በረሃ መንዳት አይችልም። ስሊማን ይባላል። ከደብዳቤው ጋር ከካርታችን ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ተያይዟል፤ ሰማያዊዋ ክብ መሐሉ ላይ አለች፤ የእኔ እጅ።

ሚስተር ጎርደን መልሱን ከወዲሁ አስቦበታል። የማረም ሥራ የሚስተር ዋልተር ነው፤ ዓይኑ መድከሙን ሁሉም ያውቃል፤ ጡረታ ሊወጣም ነው፤ ስለዚህ ያራሚው ዓይን ነው ያሳሳተን ብለን እንጽፋለን አለኝ። አንቺ የምታውቂው ነገር የለም፣ ሥራሽን ቀጥዪ አለኝ። ያን ቀን ምንም ሳልመልስለት ወጣሁ። ይህን የምጽፈው የሚያሳፍረኝን ጭምር ልናገር ብዬ ስለሆነ አልደብቅም፤ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብያለሁ።

ማታ ለሐያት ነገርኳት። ሐያት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ለእኔ ብላ ነው የተናገረችው።

"ሶ ምን ልትይ ነው? ወረቀትሽ ገና አልመጣም። ፋየር ካደረጉሽ ተመልሰሽ አንሶላ ልታጥፊ ነው። ሰውየው ደግሞ ለማንኛውም ሪታየር ሊያደርግ ነው። ኦኬ፣ ስምሽ እንኳ ካርታው ላይ የለም።"

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። ካርታው ላይ ስሜ የለም። ግን አሮጌውን ሰው አሰብኩ። አየር ስቦ ይዞ፣ መስመሩ እስኪያልቅ የማይተነፍሰውን ሰው። አርባ ዓመት ሦስት ጥያቄ ሲጠይቅ የኖረ ሰው ጠይቆ በማያውቀው ጉድጓድ ስሙ ሊጠፋ ነው። ሐያትን አንሶላው ያን ያህል አልከበደኝም ነበር አልኳት።

በማግስቱ የሚስተር ጎርደንን በር አንኳኩቼ ገባሁና ሳልቀመጥ ተናገርኩ። "ክቡን የሞላሁት እኔ ነኝ። ስሙንም የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሚስተር ዋልተር ያን የካርታ ሺት አላየውም፤ ሆስፒታል ነበር። ስሙ በአረብኛ ጨው ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ አረብኛ አነባለሁ። እንደዚህ ብለው ካልጻፉ እኔ ራሴ እጽፍላቸዋለሁ።"  ወደ ቦታሽ ሂጂ ብቻ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ ከረምኩ። በኋላ የተላከውን ደብዳቤ ግልባጭ አሳየኝ፤ ጥፋቱ የነዳፊዋ ነው፣ ያለ አራሚ እንዲወጣ የፈቀድኩት ደግሞ እኔ ነኝ ብሎ ጽፏል። ሁለተኛውን ክፍል እኔ አልጠየቅኩትም ነበር። እስከ ዛሬ ለዚያ አከብረዋለሁ።

ሚስተር ዋልተር ያን ሳምንት ሁለተኛውን ዓይኑን ለመታከም ሄዶ ነበር፤ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሲመለስ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ የጉድጓዷ ካርድ የት አለ አለኝ። አልጻፍኩም አልኩት።  ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር እጁን አነሳና አስቆመኝ።

"ለእኔ አትንገሪኝ" አለ። "ውሃውን ለጠጣው ሰው ንገሪው።"

ለስሊማን በአረብኛ ጻፍኩለት። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። የእኔ አረብኛ ግማሹ የኪታብ፣ ግማሹ የካርቱም ገበያ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ተናግሬበት አላውቅም። በአራተኛው አሳጠርኩት። ስሜን፣ የሠራሁትን ጥፋት፣ ቃሉን እያወቅኩ እንዳላነበብኩት ጻፍኩ፤ ምክንያት አልጨመርኩም። ካርታውን ባዘዘን ድርጅት በኩል ላክሁት።

መልሱ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። ወፍራም ፖስታ ነበር። ቢሮ ልከፍተው አልደፈርኩም፤ ፌርፋክስ አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ሁለት አውቶቡስ አለፈኝ። ስሊማን እንዲህ ይላል፦ ደብዳቤሽን ሴት ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ምንም አይደለም አልልሽም፤ ብርድ ሲሆን ወገቤን ያመኛል፤ መኪናዬንም አጥቻለሁ። ያ ጉድጓድ ከመንገዴ ውጭ ነው፤ ስሙን ባውቀውም ከስሙ ይልቅ ካርታሽን አመንኩ። ግን የበረሃውን መንገድ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፤ ካርታሽ የተሳሳተው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። የምርሽን ከሆነ እነዚህን አስተካክዪ።

ከሥር የአሥራ አንድ ጉድጓድ ዝርዝር ነበር። እያንዳንዱ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር ውሃ እንዳለው፣ ስንት ክንድ ገመድ እንደሚፈልግ፣ ለሰው የሚሆነውና ለግመል ብቻ የሚሆነው ተለይቶ ተጽፏል። አንድ ደረቅ ሸለቆ ላይ ደግሞ፣ ተራራው ላይ በዘነበ ማግስት መንገዱ ለቀናት እንደሚቆረጥ፣ እኛ ግን ቀጥ ያለ መንገድ እንደሳልንበት ጽፏል። የሚስተር ዋልተርን ሦስት ጥያቄዎች አይቶ አያውቅም፤ ለሦስቱም ግን መልስ ሰጥቷል።

ደብዳቤውን ተርጉሜ ለሚስተር ጎርደን አቀረብኩ። የውሃውን ሺት እንደ አዲስ መሥራት አለብን አልኩት። በአንድ ሾፌር ቃል ካርታ አይለወጥም አለኝ። ትክክል ነበር፤ እኔም በአንድ ሰው ቃል መለወጥ አልፈለግኩም። ስለዚህ የጻፈውን ለማረጋገጥ ተነሳሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ እየሄድኩ የድሮ መንገደኞችን ማስታወሻ፣ የጉድጓድ ቆፋሪዎችን ሪፖርት፣ ሌላ ጊዜ የታተሙ ካርታዎችን አወጣሁ። ሚስተር ዋልተር ፈረንሳይኛ ያነባል፤ ዓይኑ ሲደክመው እኔ ፊደል በፊደል አነብለታለሁ፣ እሱ ይተረጉማል። ሁለት ወር ያህል ቅዳሜያችን እንዲህ አለፈ። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ካርድ ጻፍኩ። ዘጠኙ ስሊማን እንዳለው ሆኑ። አንዱን የሚያረጋግጥም የሚያስተባብልም አላገኘሁም፤ ጥርጣሬውን የሚያሳይ ምልክት አደረግኩለት። አንዱን ግን ስሊማን ራሱ ተሳስቷል፤ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ጉድጓድ አደባልቋል። ይህን ልጽፍለት ወይስ ልተወው ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። ያን ያህል በድዬው ደግሞ ተሳስተሃል ልለው ነው። ጻፍኩለት። መልሱ ሁለት መስመር ነበር፤ ልክ ነሽ፣ ሰሜኑን ከደቡቡ አምታታሁት፣ ልጄም ስቃብኛለች ይላል።

ካርዶቹን ሁሉ ይዤ እንደገና ሚስተር ጎርደን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ያዘዘን ድርጅት ራሱ ውሃው ካልተመረመረ ሁለተኛውን እትም አልቀበልም ብሎ ስለነበረ፣ ሚስተር ጎርደን ካርዶቹን አንድ በአንድ አየና እሺ አለ። አዲሱን የውሃ ሺት ሁለት ወር ፋቅኩ። እጄን በቀዝቃዛ ውሃ እየታጠብኩ፣ እያንዳንዱን ስም ከመለጠፌ በፊት ድምፄን አውጥቼ እያነበብኩ። የሥራ ባልደረቦቼ መጀመሪያ ገርሟቸው ነበር፤ በኋላ ለመዱት። ሐሲ ሜላሕ ላይ ስደርስ ክቡን በመሐሉ ሰነጠቅኩት፤ ከዚያ በሩን ከፍቼ ወጥቼ ዊልሸር ጎዳና ላይ ጥቂት ተራምጄ ተመለስኩ።

ሚስተር ዋልተር አረመው። አራት ቀን ፈጀበት። በመጨረሻ ከሥር አራሚው በሚፈርምባት ትንሽ ሳጥን ውስጥ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈና እስክሪብቶውን ለእኔ አቀበለኝ። ከዚያ በፊት የነዳፊ ፊደል ሳጥኑ ውስጥ ተጽፎ አያውቅም። አጠገቡ ጻፍኩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጡረታ ወጣ፤ ዓይኑ ከዚያ በኋላ እየባሰበት ሄዶ ስልክ ስደውልለት ጠጠር ሜዳውና ጨው ሐይቁ የት ላይ እንደሚገናኙ በቃሉ ይነግረኝ ነበር። የሚስተር ጎርደን ድርጅትም ኮምፒውተር ሲመጣ ብዙ አልቆየም። እኔ በማታ ኮርስ ኮምፒውተሩን ተምሬ፣ እስካለፈው ሰኔ ድረስ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የዚህችን ከተማ የውሃ ቧንቧ ካርታ ስሠራ ኖርኩ።

ሁለተኛው እትም እንደወጣ ግን አንድ ቅጂ አጣጥፌ ለስሊማን ልኬለት ነበር። ብዙ ጊዜ ምንም አልሰማሁም። በሚቀጥለው ዓመት ብርዱ ሲያልፍ ፖስታ መጣ፤ ከፈትኩት፤ የራሴ ካርታ ተመልሶ መጥቷል። ሌላ ስህተት አግኝቶብኛል ብዬ አሰብኩ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ከሰሜን ወደ ደቡብ በጣቴ እየሄድኩ ፈለግኩ። መሐል በረሃው ላይ፣ እኛ ምንም ምልክት ያላደረግንበት ባዶ ቦታ ላይ፣ በሰማያዊ እርሳስ የተሠራች ሙሉ ክብ አገኘሁ። አጠገቧ በደቃቅ የአረብኛ ጽሑፍ፣ "ዘንድሮ የተቆፈረ። ወንድሜ በመኪናው ወሰደኝ። ጨው የለውም፤ ቀምሼዋለሁ። ጨምሪው" ይላል።